ቶቢን የቀረባት ጨረቃ

ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሠርክአዲስ፣

እንደምን ከርመሻል? ዘመን መለወጫውን እንዴት ዋልሽ? ብርዱ፣ ዝናቡ፣ ፈረንጁ ሁሉ እንዴት ይዞሻል? እኔ አምላክ ይክበር ይመስገን ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። እናትሽም ማንኩሳ ደኅና ናት፤ ላሟ ወልዳላታለች፤ እኔን መጨቅጨቋንም አልተወችም።

የላክሽው ጥቅል ደረሰኝ። እቤት እስክገባ አላስቻለኝም፣ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀደድኩት። ሁለት የዋግቴል መጻሕፍትና አንድ ካሴት! እግዜር ይስጥሽ። ቡሬ ሳስተምር ያ ፈረንጅ መምህር ጥሎት ከሄደው ካርቶን ውስጥ ዋግቴልን ያገኘን ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንቺ ገና እንግሊዝኛ ስትንተባተቢ፣ እኔ እያነበብኩ ስተረጉምልሽ፣ መርከቢቱ ዋግቴል ከኮከብ ኮከብ ስትንከራተት፣ ካፒቴን ኦርላ ስትቆጣ፣ መካኒኩ ቶቢን ሞተሩን እየተሳደበ ሲጠግን ክረምቱ ያልቅ ነበር። ዋናው ነገር በቴሌቪዥን ለዓመታት የታየ ፊልም ነው ይላል ጀርባው ላይ። እኛ ፊልሙን የት አይተነው! ከፊልሙ ጎን የተጻፈውን ብቻ ይዘን ነው የተንገበገብን።

ካሴቱ ግን ምን ጉድ ነው? ተዋንያኑ በድምፅ ብቻ ሲጫወቱ፣ የመርከቢቱ በር ሲጢጥ ሲል፣ ቶቢን መፍቻ ሲጥል ወለሉ ሲጮህ! ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሰማሁት። ከእንግዲህ መጽሐፉን ተይው፣ ካሴት ላኪልኝ። ዓይኔ ምንም አልሆነ። ፊደሉን ነው ያሳነሱት፣ ፈረንጅ ለቀለም ሳስቶ እንደሆነ እንጃ። እናትሽ ስለ ዓይኔ የምታወራውን አትስሚ።

መቼ ነው የምትመጪው? ለጥምቀት ትደርሻለሽ ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ።

የጊዮርጊስ ጥላ አይለይሽ።
አጎትሽ አብተው


ሊድስ፣ ኅዳር 9 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ አብተው፣

በያሉበት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎን፣ ወገብዎን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይንዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ሥራዬ አሁንም እዚያው አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ሰው የማይፈልገውን መጽሐፍ፣ ካሴትና ልብስ በካርቶን ያመጣል፣ እኔ እለያለሁ። ዋግቴልን የማገኝልዎት ከዚያ ነው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና አይቆጡኝ። ፊልሙን አየሁት! አንድ ሰው የቪዲዮ ካሴቶቹን በሙሉ አምጥቶ ጥሎ ሄደ። እሑድን ቀኑን ሙሉ ተጎልቼ አየሁ። ምን ልበልዎት፣ ግድግዳው ካርቶን ነው። በር ሲዘጋ መርከቧ ትንቀጠቀጣለች። የሩቁ ዓለም ድንጋይ ቀለም የተቀባ ስፖንጅ ነው፣ አንዱ ሰው ተደግፎት ሲሰረጉድ ይታያል። ቶቢንም እኛ እንደምናውቀው ደንዳና አይደለም። ፀጉሩን በቅባት ያጣበቀ ቀጫጫ ልጅ ነው። ከፋኝ፣ እውነቴን ነው። ፊልሙን በቃሉ የሚያውቅ አንድ ደንበኛ አለን፤ እሱን ብጠይቀው መጽሐፎቹና ካሴቶቹ እንደ እውነተኛ ታሪክ አይቆጠሩም፣ ዳር ዳር የሚሉ ተቀጥላዎች ናቸው አለኝ።

አሁን ወደ ዓይንዎ። እማዬ በቴሌ ቀጠሮ ይዛ ደውላልኝ ነበር። ገበያ ላይ ሰውየውን ትተው አህያውን «እንደምን አደርክ» ብለውታል አሉ። ጋሼ፣ ሞራ ከሆነ ባሕር ዳር ሄደው በቀላሉ ይገፈፋል። እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች ጠዋት ገብተው ከሰዓት ይወጣሉ። ሳይረፍድ ይሂዱልኝ፣ በእናትዎ።

ሁለት ካሴት ልኬያለሁ። በጥሞና ይስሙ።

የእርስዎው ሠርክአዲስ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 16 ቀን 1993 ዓ.ም.

ሠርኬ፣

ሰላም ነሽ ወይ? እኔ ሰላም አይደለሁም፣ ተቆጥቻለሁ!

ያንን ደንበኛሽን እባክሽ ቅኔ ቤት አምጪልኝ። አይቆጠርም አለ? ተረፈ ኤርምያስን ምን ሊለው ነው እንግዲህ? እኛ ኤርምያስን ስንቆጥር ተረፉንም አብረን ነው የምንቆጥር። ዋናው ያልተናገረውን ተረፉ ይናገራል። መምህሩም አንዱን ቃል ይዞ «አንድም» እያለ ሲያብራራው የሚውል፣ ንባቡ ብቻውን ስላልበቃ ነው። ይህን ያልገባው ሰው ዋግቴልን በቃሉ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል!

ደግሞ ካርቶን ነው ትይኛለሽ። ካርቶኑን ማን እይ አለሽ? የእኔ ዋግቴል ብረት ናት። የእኔ ቶቢን ደንዳና ነው፣ ትከሻው በር አይበቃውም። ያንን ቅባታም ለራስሽ ያዢው።

ካሴቶቹን ግን እንዴት አደረግሽኝ! መብራት ስለጠፋ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ነው የሰማሁት። የኋላ ክፍሌን የተከራየችው እህተ ማርያም፣ አንደኛ ደረጃ የምታስተምረው፣ አብራኝ ትሰማለች፤ እኔ ቴፑን እያቆምኩ እተረጉምላታለሁ። መጨረሻው ላይ ቶቢን በዚያች የበረዶ ጨረቃ ላይ ገመዱ ተበጠሰበት። መርከቧ መቆም አትችል፣ እሱ መድረስ አይችል። «ኦርላ፣ አትጠብቂኝ» አለ። ከዚያ ነፋስ። ከዚያ ካሴቱ ቀጭ! እህተ ማርያም ጮኸች። እኔም ጮህኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አየር ስንት ቀን ይበቃዋል? ምን ይበላል? ተከታዩን ቶሎ ላኪ፣ ቶሎ!

ስለ ዓይኔ ተይ። ሞራ ነው፣ ሞራ ደግሞ ይበስላል፤ ሳይበስል አይነካም ይላሉ። ገብረሰንበትን ታውቂዋለሽ፣ የእህል ነጋዴው ባልንጀራዬ። በእግሩ ሄዶ ዓይኑን ተቀደደ፣ በሰው እጅ ተመርቶ መጣ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ትንሽም ቢሆን ያለኝን ብርሃን ለቢላ አልሰጥም።

ጥምቀት አለፈ። አልመጣሽም። ለፋሲካ ነው?

አብተው

መስመሩ ተጣሞ ከሆነ ወረቀቱ ነው።


ሊድስ፣ ግንቦት 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? በመዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ጠላትዎ ይዘግይ። ቤት ቀይሬ ነው። አዲሱ አድራሻ ፖስታው ጀርባ ላይ አለ።

ቶቢንን ስፈልግልዎት ከረምኩ። በከተማው ያለውን ሱቅ ሁሉ አዳርሻለሁ። ተከታዩ ታሪክ በካሴት አልወጣም ጋሼ፣ በመጽሐፍ ብቻ ነው ያለው። ፊደሉ እንዳያስቸግርዎት ብዬ እኔው ወደ አማርኛ እየመለስኩ በድምፄ ቀዳሁት። እንደ ተዋንያኑ መሆን አልችልም፣ የኦርላን ቁጣ ብሞክረው የእማዬ ቁጣ ሆኖ ወጣብኝ። አውቶቡስ ሲያልፍ ቢሰሙ መርከቧ ናት ብለው ይለፉት። ሰው ሲያስልም ቢሰሙ ጎረቤት ነው።

ቶቢን አልሞተም። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎት እንቅልፍ እንዲተኙልኝ ነው።

ዓይንዎ ግን እኔን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሞራ ይበስላል የሚለው የድሮ ወሬ ነው። እዚህ አንድ የዓይን ነርስ ጠይቄያለሁ፤ የዓይን ግፊት የሚባል ሌላ በሽታ አብሮ ካለ እያንዳንዱ ወር የማይመለስ ነገር ይወስዳል አለችኝ። ምናልባት ገብረሰንበትንም የጎዳው እሱ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ይሂዱልኝ። ለሐኪም ይታዩ ብቻ፣ መቀደዱን ከዚያ በኋላ ይወስናሉ።

ሠርክአዲስ


ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 28 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለሠርክአዲስ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምትጽፈው እህተ ማርያም ናት፣ እኔ እየተናገርኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠብኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ካሴትሽን ሰማነው። ደጋግመን ሰማነው። ቶቢን በበረዶው ውስጥ ዋሻ አግኝቶ፣ ከመርከቧ የወደቀውን ብረታ ብረት ለቃቅሞ ምድጃ ሲሠራ እጄን አጨበጨብኩ። እንደሱ ነው! ቶቢን ቁጭ ብሎ አያለቅስም። በዚያች ጨረቃ የሚኖሩት ዝምተኛ ሰዎች መጥተው ከዋሻው ደጅ ቆመው ሲያዩት ደግሞ ቴፑን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

አንድ ነገር ግን አስቆኛል። የዝምተኞቹ ሽማግሌ ሲገባ ቶቢን ከተቀመጠበት ተነሥቶ «ኖር» አለው። ሽማግሌውም «በእግዜር» አለ! ምግብ ሲያቀርቡለትም እስኪለመን ድረስ «ጠግቤአለሁ፣ አሁን በላሁ» ይላል፣ በረሃብ ሊሞት ደርሶ ሳለ። አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንት ዘመን እንግሊዝኛ አስተማርኩ። እንግሊዝ ምግብ ካቀረቡለት ይበላል፣ ካላቀረቡለት ዝም ይላል። ተርጓሚዋ እጇን አብዝታለች መሰለኝ። ይሁን፣ አልከፋኝም። እንዲያውም ከፈረንጁ ይሻላል። ቀጥዪ።

ጎረቤትሽም ክፉኛ ያስለዋል። ከክፍልሽስ ይወጣል ወይ?

ስለ መምጣትሽ አሁንም ምንም አላልሽም። እናትሽ እኔን ነው የምትጠይቀኝ፣ እኔም መስከረም፣ ጥቅምት እያልኩ እሸነግላታለሁ። አፌን አታስዋሺው እንጂ።

ተከታዩን በቶሎ።
አብተው

እኅቴ ሠርክአዲስ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ የእህተ ማርያም ነው። ጋሼ ሳይሰሙ ነው የምጽፈው፤ ቢናደዱም መልሰው ማንበብ አይችሉምና ደፈርኩ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። አያዩም። ባለፈው ሳምንት ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለው ቦይ ውስጥ ወድቀው ጎረቤት አወጣቸው፤ ጭቃው አዳለጠኝ አሉ እንጂ ቦዩ ዳር ጠጠር የፈሰሰበት ነው። ግራ ዓይናቸው ፈጽሞ ጨልሟል፣ በቀኙ ጥላ ጥላ ይታያቸዋል። እኔ ስለምናቸው «አንቺ ደግሞ ኪራይሽን ክፈዪ» ይሉኛል። የሚሰሙት ሰው ካለ አንቺን ብቻ ነው። እባክሽ አንድ ነገር አድርጊ።


ሊድስ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለጋሼ አብተው፣

ሰላምና ጤና ለቤትዎ ይሁን። ደግሞ እባክዎ ይህን ቁጭ ብለው ይስሙ፣ ቆመው እንዳይሰሙት።

የቶቢን ታሪክ ተፈጽሟል። ዋግቴል ወደዚያች ጨረቃ ተመልሳለች። ኦርላ ራሷ ወርዳ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ምን እንዳላት፣ ምን እንዳለችው፣ ከዚያ ምን እንደሆነ ሁሉ ከዚህ ጋር በላክሁት ወረቀት ላይ አለ። በአማርኛ ነው፣ ፊደሉን አሳምሬ ጽፌዋለሁ።

በካሴት አልቀዳሁትም። አልቀዳውምም።

ጋሼ፣ ያለ ወትሮዬ ልዳፈርዎት ነው። ይህን በራስዎ ዓይን እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በትልቁ የጻፍኩትን እህተ ማርያም ታንብብልዎት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አንዲት ቃል እንዳታነብ። «ይህን ለጋሽ አብተው የሚያነብላቸውን ሰው በማርያም ብዬዋለሁ» ይላል። ቢሰድቡኝም ችዬ እቀበላለሁ። ባሕር ዳር ይሂዱ።

ቤታችን ብርድ ገብቷል። ለዓይንዎ እጸልያለሁ።

ሠርክአዲስ


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 25 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለሠርክአዲስ፣

ሰላምታ የለም! እህተ ማርያም፣ እንደተናገርኩት ጻፊው፣ እንዳታለሳልሺው።

አንቺ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ? ለአጎቷ ቶቢንን አሳይታ የምትነፍግ! ለሕፃን ከረሜላ አሳይቶ እንደ መደበቅ! ወረቀቱ ከመጣ ጀምሮ እረፍት የለኝም። መጀመሪያ እህተ ማርያምን ለመንኳት። «በማርያም ተብያለሁ» ብላ ወረቀቱን እንደ እሳት አስቀመጠችው። ይዤው ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። አናቱን አነበበና «ጋሽ አብተው፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ መለሰልኝ። ማዘጋጃ ቤት ያለው ጸሐፊ፣ ያ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቀው፣ «እኔ እንኳ ግድ የለኝም፣ ግን ሚስቴ ብትሰማ» አለኝ። መጨረሻ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ይፍቱኝ አልኩ። እሳቸው ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ለዓይንህ ብላ ነው፣ እኔ አልፈታም።» ተናድጄ ስወጣ ደግሞ ከኋላዬ ሲስቁ ሰማኋቸው። ከተማው ሁሉ በእኔ ላይ አድሟል።

እናትሽ ከማንኩሳ መጣች። ፊደል አትቆጥር፣ እሷ እንኳ ወረቀቱን ከትራሴ ሥር አውጥታ ስማ መልሳ አስቀመጠችው።

ሠርኬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እፈራለሁ። ገብረሰንበት ፋሻው የተፈታለት ቀን አጠገቡ ነበርኩ። «ገና አልፈታችሁትም እንዴ?» አለ። ተፈትቶ ነበር። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አሁን ጥላ ይታየኛል፤ የእህተ ማርያም ቀሚስ ሲያልፍ አውቀዋለሁ፣ የበሩን ብርሃን አውቀዋለሁ። ይቺንም ባጣትስ? አንቺ እዚያ ሆነሽ ይሂዱ ማለት ቀላል ነው። እኔ ነኝ ሂያጁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ቶቢን ግን ምን ሆነ? ተሳፈረ? ኦርላ ቆጣ አለች ወይስ አለቀሰች? ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነው፣ በጊዮርጊስ! ለገና እሄዳለሁ። እናትሽ አብራኝ ትሄዳለች። ብታወር በአንቺ ነው፣ ባይም በአንቺ ነው።

አብተው


ሊድስ፣ ጥር 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣

ደኅና ነዎት? ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ አንድም ወሬ የለም። ማንኩሳ ቴሌ ብደውል ማንም ስልክ አያነሳም። ለእህተ ማርያም ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ሥራ ላይ የልብስ ካርቶን ከፍቼ ለምን እንደከፈትኩት እረሳለሁ። መንገድ እሻገራለሁ፣ መኪና ይጮህብኛል።

ምን አደረግኩ? ቤትዎ ተቀምጠው ጥላዎን እያዩ በሰላም በኖሩ ነበር። እኔ በማርያም ብዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲያድምብዎት አድርጌ፣ ወደ ቢላ ገፋሁዎት። ያንን ቃሌን አንስቻለሁ። በሙሉ ልቤ አንስቻለሁ፤ ለነፍስ አባትዎ ይንገሩልኝ። እህተ ማርያምም፣ ልብስ ሰፊውም፣ የፈለገ ሁሉ ያንብብልዎት።

ሌላም አለ። ካሴቶቹን የሚያወጣው ድርጅት ከስሮ ተዘግቷል። ቶቢን ጨረቃዋ ላይ ከቀረ በኋላ ማንም ምንም አልጻፈለትም። መጽሐፍ የለም። ከዚያ ወዲህ የሰሙት ሁሉ፣ ምድጃውም፣ ዝምተኞቹም፣ ሽማግሌውም የእኔ ናቸው። እርስዎ በበረዶ ላይ ጥዬው እንዴት እተኛለሁ ብለው ሲጨነቁ ጊዜ «አልቋል፣ ሌላ የለም» ማለት አቃተኝ። ተረጎምኩ ያልኩት ውሸት ነው። መጨረሻውን በራስዎ ዓይን ቢያነቡት ብዬ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ቃል ብቻ ይድረሰኝ።

ሠርክዎ


ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለውዲቱ የእህቴ ልጅ ለሠርክአዲስ፣

የጽሕፈቱን ቁልቁለት ዳገት አትይው። በገዛ እጄ፣ በገዛ ዓይኔ ነው። ቀኙ አይቷል!

ግራው ቀርቷል። ሐኪሙ አልሸሸገኝም፤ ያልሽው ግፊት በልቶታል፣ አንድ ዓመት ቀድመህ ብትመጣ ኖሮ አለኝ። ገብረሰንበትንም ያ ሳይሆን አይቀርም፤ ምስኪን፣ እኛ ቢላውን ስንረግም ኖርን። ቀኙ ሞራ ብቻ ነበር። ፋሻውን ሲፈቱት ዓይኔን መግለጥ ፈርቼ ጨፍኜ ቆየሁ። ነርሷ «አባቴ፣ ይግለጡ እንጂ» ብትለኝ «ልጄ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት። ከዚያ ገለጥኩ። የመጀመሪያው ያየሁት የእናትሽን ፊት ነው። እንዴት አርጅታለች! ነገርኳት፣ እልልታዋን አቋርጣ ሰደበችኝ። ከዚያ ቁስሉ እስኪድን ባሕር ዳር ዘመድ ቤት አስቀመጡኝ፣ ጽሑፍ ከለከሉኝ፤ መልስ ያጣሽው ለዚያ ነው። እህተ ማርያምም የእረፍት ጊዜዋን አገሯ ፈረስ ቤት ነበረች። አንቺን ሳስጨንቅ በመክረሜ ግን አዝናለሁ።

ደግሞ ለውሸትሽ ይቅርታ አትጠይቂኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ቶቢን «ኖር» ካለባት ቀን ጀምሮ አውቄአለሁ። ብናገር እንዳትተዪው ፈርቼ ዝም አልኩ። ደንበኛሽን አግኝተሽ ንገሪው፣ አይቆጠርም ቢል የጎጃም ሰው ቆጥሮታል በዪው።

ወረቀቱን እቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ አነበብኩት። ቀስ ብዬ፣ በአንድ ዓይን። ዋግቴል ወረደች። ኦርላ መጣች፣ «የመጣሁት ልወስድህ ነው» አለች። ቶቢን የመርከቧን ሞተር ገባ ብሎ ጠገነላት፣ እጁን ጠረገ። ዋሻው ቤት ሆኗል። ከዝምተኞቹ አንዷ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። «እዚህ ሰው አለኝ፤ መንገዱን አሳምሬልሻለሁ፣ ሂጂ» አላት። ከዚያ መርከቧ ተነሥታ እስክትጠፋ ድረስ ቆሞ አያት።

ወረቀቱን አጠፍኩና ተቀመጥኩ። ሐኪሙ እንባ ለአዲሱ ዓይን አይበጅም ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ሠርኬ፣ አትመጪም ማለት ነው። ለጥምቀት ትለኛለች፣ ለፋሲካ ትለኛለች ስል፣ በደብዳቤ መናገር አቅቶሽ በጨረቃ አዞርሽብኝ። ነፍስሽን ይማር ልልሽ ፈልጌ ነበር፣ ንዴቴ ነው። እንዴት ይከፋል መሰለሽ። እንዲያ እየተጨነቅሽ ብርሃኔን መልሰሽ የሰጠሽኝ ይህን ላነብ ኖሯል? ይህን ሳስብ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

በሦስተኛው ቀን እንደገና አነበብኩት። ቶቢን ሲናገር ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ደስ ብሎት ነው የሚናገር። ያ በፊት አምልጦኝ ነበር።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። የሷን አንቺው ጻፊላት፣ በጨረቃ ሳይሆን በቀጥታ፣ ያ የሚያስለው ሰውሽ ስሙ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ጾም ይጾም እንደሆነ። ትቆጣለች፣ ከዚያ ትበርዳለች። እኔም አለሁ፣ አብሬያት እሆናለሁ።

ለእኔ ግን ከእንግዲህ ካሴት አትላኪ። ፎቶግራፍ ላኪ። ሁለታችሁ ከቤታችሁ በር ላይ ቆማችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ ፊታችሁን ወደ እኔ አድርጋችሁ። ጠጋ ብላችሁ ቁሙ፤ የማየው በአንድ ዓይን ነው።

አጎትሽ አብተው